ከበሮን በዓይን መስማት

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ በጋይንት አቋቋም የሚያስተምሩ የኔታ እና ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው።

የኔታ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ዜማ በጆሮ ይገባል፤ በቃል ይጸናል። ድጓውን በቃሉ የያዘ ሰው መብራት ቢጠፋ አይደናገርም። አንተ ግን አንድ አንጋፋ የጃዝ ከበሮ መቺ ከነባንዱ በመድረክ ሲጫወት የተቀረጸ ፊልም ተቀምጦ ማየት፣ ያንኑ ሙዚቃ በሸክላ ከመስማት የበለጠ ያስተምራል ትላለህ። መታየቱ ለመሰማቱ ምን ይጨምርለታል? ዓይን እኮ ቶሎ ይታለላል፤ ልብሱም መብራቱም ይወስደዋል።

ጸሐፊው፦ ዓይን ቶሎ እንደሚታለል አልክድም የኔታ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን የክርክሬን መሠረት ላስቀምጥ። ምት ብዙ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ላይ የሚስማሙበት ነገር ነው፤ ለመስማማት ደግሞ መጠባበቅ ያስፈልጋል። አንዱ እጁን ያነሣል፣ ሌላው ትንፋሹን ይስባል፣ ሦስተኛው እግሩን ያሳርፋል፤ ድምፁ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የድምፅ ቅጂ የሚያደርስልን ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ከድምፁ አስቀድሞ በተጫዋቾቹ መካከል የነበረው መጠባበቅ በሸክላው ላይ አይገኝም፤ በደንብ የተቀረጸ ፊልም ግን ይዞት ይቀርባል። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ሙዚቀኞቻችን ችክችካ የሚሉትን ምት እንውሰድ። በውስጡ ስድስት እኩል ምቶች አሉ። ሦስት ሦስት አድርገን ለሁለት ልንከፍላቸው እንችላለን፤ ሁለት ሁለት አድርገንም ለሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን። ሁለቱ አከፋፈሎች አብረው ይሰማሉ፤ የምቱ ጣዕምም ከዚሁ ይመጣል። ለአገሩ ሙዚቃ እንግዳ የሆነ ሰው ቅጂውን ብቻ ሲሰማ መነሻውን በቀላሉ ይስታል፤ በተሳሳተ ቦታ ያጨበጭባል። የጨፋሪውን ትከሻና የመቺውን እግር ያየ ሰው ግን ዋናው ምት የቱ ላይ እንደሚያርፍ ወዲያው ይገባዋል። ጆሮ ሁለት መንገድ ሲከፈትለት ዋናውን የሚያመለክተው ዓይን ነው። እንግዲህ የምለው ይህ ነው፤ የአንጋፋ መቺን ኮንሰርት በፊልም ማየት የሚጠቅመን ምት በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚያዝ ስለሚያሳየን ነው፤ ይህን የማያሳይ ፊልም ምንም ቢያምር ብዙ አይጠቅምም።

የኔታ፦ በጠቅላላው ያስኬዳል። ክርክር ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የቱን ፊልም ይዘህ ነው ይህን የምትለው?

ጸሐፊው፦ ከራሳችን ሰው ልጀምር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሙላቱ አስታጥቄ በሎስ አንጀለስ ከተማ ኮንሰርት አቀረቡ። የያኔው ዕድሜያቸው 65 ዓመት ነበር። ሞቺላ የሚባለው የብራያን ክሮስና የኤሪክ ኮልማን ድርጅት ኮንሰርቱን ቀርጾ “ታይምለስ” በሚል ስም በተከታዩ ዓመት አወጣው። ሙላቱ ጅማ ተወልደው፣ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተኑ በርክሊ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ “አፍሮ ላቲን ሶል” የተባሉትን ሁለት አልበሞች ያሳተሙ ሰው ናቸው። የአገራችንን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ከጃዝ ስምምነትና ከላቲን ምት ጋር ማዛመድ የጀመሩት ያኔ ነው። በሎስ አንጀለሱ መድረክ አብረዋቸው ከተሰለፉት መካከል እንደ ቤኒ ሞፒን፣ አዛር ሎውረንስና ፊል ራኔሊን ያሉ የአሜሪካ ጃዝ አንጋፋዎች ነበሩ። ቤኒ ሞፒን ከማይልስ ዴቪስና ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር ታሪካዊ አልበሞችን የሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሙዚቀኛ ማንበብም ሆነ መጫወት አይቸግረውም። የእኛ ዜማ የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ግን አለ፤ የቅኝቱን አምስት ድምፅ ሳይበርዙ ዙሪያቸውን ማስጌጥ፣ ስድስቱን ምት ሳያዘነብሉ መያዝ ያስፈልጋል። ተመልካቹ መከታተል ያለበትም ይህ ጥንቃቄ በምን እንደሚታይ ነው። ሙላቱ በዋነኛነት የሚጫወቱት ቫይብራፎን በመምቻ የሚመታ የብረት ዘንጎች ስብስብ ነው፤ መምቻው ሲነሣ ድምፁ ገና አልወጣም። ከሥሩ የእግር ፔዳል አለ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ይዘረጋል፣ ሲለቀቅ ይቆረጣል። ሰሚው የድምፁን መቆረጥ ይሰማል፤ ተመልካቹ ግን እንዲቆረጥ የወሰነውን እግር ያያል። ወደ ኮንጋው ሲዞሩም መዳፋቸው ቆዳው ላይ ተከፍቶ ሲያርፍና ጎድጎድ ብሎ ሲመታ ሁለት ልዩ ድምፅ እንደሚያወጣ ከእጃቸው ይማራል።

የኔታ፦ ሙላቱ ዜማ ደራሲ ናቸው፤ ከፊት ቆመው ይመራሉ። ያነሣኸው ግን ከበሮ መቺ ባንድ ሲመራ ነበር። ከኋላ ተቀምጦ፣ ሌሎች ጀርባ ሰጥተውት እየቆሙ፣ እንዴት ይመራል? ይህን ካላስረዳኸኝ ክርክርህ ከግማሽ መንገድ ቀርቷል።

ጸሐፊው፦ ጥያቄዎ ዋናውን ነጥብ ነክቷል፤ ከኋላ ሆኖ የሚመራ ሰው ሥራው በድምፅ ቅጂ ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰወርበት እሱ ነውና። አርት ብሌኪ የተባለው አሜሪካዊ ከበሮ መቺ እ.ኤ.አ. በ1919 ተወልዶ በ1990 የሞተ ነው። ጃዝ ሜሴንጀርስ የተባለውን ባንድ ከ30 ዓመት በላይ መርቷል። ስለ እሱ ሁለት ፊልሞችን ማነጻጸር ይቻላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1958 ቤልጂየም ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ብሌኪ 39 ዓመቱ ነው፤ መለከተኛው ሊ ሞርጋን ገና የ20 ዓመት ወጣት ነው፤ ሳክስፎኑን የያዘው ቤኒ ጎልሰን ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1989 በጀርመኗ ሌቨርኩዘን ከተማ 70ኛ ዓመት ልደቱ ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው የተቀረጸ ነው። እነ ፍሬዲ ሃባርድ፣ ዌይን ሾርተር፣ ከርቲስ ፉለርና ጃኪ ማክሊን ለክብሩ ተሰብስበዋል፤ ያው ቤኒ ጎልሰንም ከ31 ዓመት በኋላ እዚያው መድረክ ላይ አለ። ብሌኪ በዚህ ዕድሜው ጆሮው ክፉኛ ደክሞ ነበር፤ የመስማት ረዳት መሣሪያ ማድረግን አይወድም ነበር፤ የሙዚቃውን ንዝረት በሰውነቱ እየተከታተለ ይመታ እንደነበር በሰፊው ተመስክሯል። ጆሮ የሙዚቃ ብቸኛ በር ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ያንን ባንድ ሊመራ ባልቻለ ነበር። የሚመራበት ዋናው መሣሪያ የታወቀ ነው፤ ስቲኮቹን በትንሿ ከበሮ ቆዳ ላይ ተጭኖ የሚያወጣው እየጎላ የሚሄድ ጥቅጥቅ ያለ ምት አለ። አንዱ ተጫዋች ሶሎውን ሲጨርስና ቀጣዩ ሲረከብ ድልድይ የሚሆነው ያ ምት ነው። በቅጂው ላይ ድምፁ ድንገት ያበጠ ይመስላል። በፊልሙ ላይ ግን ሁለቱ እጆች ወደ ቆዳው ሲወርዱ፣ አካሉም ወደ ፊት ሲያዘነብል ስለሚታይ የተረካቢው መነሣት ከየት እንደመጣ ይገባናል። መሪነቱ ያለው እዚያ ዝግጅት ውስጥ ነው።

የኔታ፦ ይሁን። እንግዲህ ሌላ ጥርጥር ላንሣ። በዓሉ በሚውልበት ሜዳ የቆመ ሰው ከበሮውን የሚሰማው በደረቱ ጭምር ነው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እልልታው ያስተጋባል፣ መሬቱ ራሱ ይርዳል። ፊልም ይህን ሁሉ አውልቆ ጥላውን ብቻ ያመጣልናል። በቦታው ያልነበረ ሰው አየሁ ሊል ይችላል?

ጸሐፊው፦ ያሉት የመገኘት ኃይል በፊልም አይተካም። የሚጠፋውንም በትክክል መናገር ይገባል፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በደንብ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ትልቁን ከበሮ በስልክ የሚሰማ ሰው የጣት ምቱን ብቻ ይዞ የሆዱን ድምፅ ያጣዋል። ይህን ለመቀነስ ጥሩ ማዳመጫ ወይም ትልቅ ስፒከር መጠቀም ግድ ነው። ነገር ግን በቦታው መገኘት ሁሉንም ነገር ያሳያል ማለትም ስሕተት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመቺው 34 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እጁ ሲያርፍ ካየ በኋላ ድምፁን የሚሰማው አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ለፈጣን ምት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ በሰፊ ሜዳ ላይ የኋለኛው ሕዝብ ጭብጨባ ከፊተኛው የሚዘገየውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከከበሮው አጠገብ በተተከለ ማይክሮፎን የተቀረጸ ፊልም ግን እጁንና ድምፁን ያገናኛል። በተጨማሪም በአዳራሽ የተቀመጠ ሰው የድራመሩን እግር አያይም፤ ከበሮዎቹ ይጋርዱታል፤ አንድ ምት ካመለጠው መልሱልኝ አይልም። ፊልሙን የያዘ ሰው ያችኑ ግማሽ ደቂቃ ዐሥር ጊዜ ሊመለስባት ይችላል። መገኘት ልብን ይሞላል፤ ደጋግሞ ማየት ደግሞ ማስተዋልን ያሰለጥናል። ሁለቱ በየራሳቸው ቦታ ያስፈልጋሉ።

የኔታ፦ ደጋግሞ ማየት ያልከው ካሜራው ያሳየውን ነው። ካሜራው ያላሳየውን ሺህ ጊዜ ብትመላለስ አታገኘውም። ቅድም ዓይን ይታለላል ያልሁህ ለዚህ ነው። ቀራጩ ከመቺው ወደ ተመልካቹ፣ ከተመልካቹ ወደ መብራቱ እየዘለለ የሚያቀርበው ፊልም የማን ሐሳብ ነው፤ የመቺው ወይስ የቀራጩ?

ጸሐፊው፦ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ ይህ የከበደው ነው፤ እኔም ለፊልም ሁሉ አልከራከርም። አብዛኛው የሙዚቃ ቀረጻ እርስዎ እንዳሉት ነው። በአገራችን የክሊፕ ልማድ ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀዳል፤ ኋላ ዘፋኙና ተወዛዋዦቹ በተቀዳው ድምፅ ላይ እየተንቀሳቀሱ በተራራና በሐይቅ ዳር ይቀረጻሉ። መሣሪያ የያዘ ሰው ቢታይ እንኳ ያን ጊዜ እየተጫወተ አይደለም። ከዚህ በፊትም የደረሰ ጉዳት አለ። እነ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምረው ያሳተሟቸው ሸክላዎች የዘመኑን ባንዶች ድምፅ አቆይተውልናል፤ እኛ የዚያን ዘመን ድራመሮች የምናውቃቸው ግን ከእጃቸው ይልቅ ከድምፃቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1966ቱ ዓ.ም. አብዮት በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች አዳከመ፤ ብዙ ባንድ ተበተነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አስቀድሞ የተዘጋጀ ምት ያለው ኪቦርድ በብዙ ቀረጻና በብዙ መድረክ የድራመሩን ወንበር ያዘ። በዚህ የተነሣ ሕያው እጅ ሲመታ ሳያይ ያደገ ትውልድ አለን። የማሽን ምት ከመነሻው እስከ መድረሻው አይለዋወጥም፤ ሰውን አይጠብቅም፤ ሰውም አይጠብቀውም። ስለዚህ መልሴ መለያ ማበጀት ነው። መቺውና የሚመልሱለት ሰዎች በአንድ ምስል ውስጥ አብረው ይታያሉ ወይ? ምስሉ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ሐረግ እስኪያልቅ ሳይቆረጥ ይቆያል ወይ? የሚሰማው ድምፅ በሚታየው እጅ የተመታው ራሱ ነው ወይ? ሦስቱን ያሟላ ፊልም የመቺውን ሐሳብ ያደርሳል። ያላሟላውን ለመዝናኛ ልናየው እንችላለን፤ ለትምህርት ግን አንቆጥረውም።

የኔታ፦ መለያህ ጥሩ ነው። ግን ከጃዝ ወደ እኛ የምትሻገርበትን ድልድይ ገና አላየሁትም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ከበሮ በማኅሌት የሚመታው ለእግዚአብሔር ምስጋና ነው። መቺው ጾሞ፣ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፤ ጭብጨባ አይሻም፤ ስሙም አይጻፍም። ይህን ከምሽት ክበብ ሙዚቃ ጎን ማስቀመጥ ለእኔ ይከብደኛል፤ ለአገሩም ሰው ይከብደዋል።

ጸሐፊው፦ ክብደቱን እቀበላለሁ፤ ሁለቱን በዓላማ እኩል አላደርጋቸውም። አንዱ አምልኮ ነው፣ ሌላው ጨዋታ ነው። የማነጻጽረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብዙ ሰዎች በአንድ መቺ ዙሪያ ጊዜን እንዴት እንደሚይዙ ነው። በዚህ ረገድ እንዲያውም እኛ ቀዳሚዎች ነን፤ ሙላቱ ራሳቸው በተደጋጋሚ ቃለ መጠይቅ የቅዱስ ያሬድን ማኅሌት እየጠቀሱ፣ መቋሚያ ይዞ ዜማ መምራት አውሮፓውያን ኦርኬስትራ በዘንግ መምራት ከመጀመራቸው በፊት የነበረ ነው ይላሉ። በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ጊዜም በያሬድ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ ሲሠሩ ነበር። እርስዎ የሚያስተምሩትን ሥርዓት በዚህ ዓይን እንየው። ቃሉ በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ መቋሚያው በዝማሜ ይወዛወዛል። ጸናጽሉና ከበሮው በመረግድ ረጋ ብለው ይገባሉ፤ ጽፋት ላይ ይፈጥናሉ፤ በወረብ ይጠቃለላል። መዘምራኑ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከበሮው በመካከላቸው ነው። ያ የአሰላለፍ ሥርዓት በከንቱ የተሠራ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች መቺውን እንዲያዩት፣ እርስ በርሳቸውም እንዲተያዩ ነው። ከመረግድ ወደ ጽፋት መሻገሪያውን የሚያስታውቀው የመቺው እጅና እርምጃ ነው። ሎስ አንጀለስም ሆነ ሌቨርኩዘን ላይ የምንፈልገው መጠባበቅ በማኅሌቱ ውስጥ በግልጽ፣ በሥርዓት ተደንግጎ ይገኛል።

የኔታ፦ እውነት ነው፤ መቺው ካልታየ ጽፋቱ ይበተናል። ይህን ግን ተማሪው ከመምህሩ ሥር ቆሞ ይማረዋል። ስንት ዘመን ያለ ፊልም ኖርን፤ አሁን ምን ጎደለን?

ጸሐፊው፦ የጎደለውን ከዚሁ አገር ታሪክ ላሳይ። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓ የተማረ ሰው ከየትኛውም አገር ቢመጣ መምህር ለመባል እዚያ ይመዘናል። ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ አለ። ዜማው እንዲህ በጽኑ የቆየበት አንዱ ምክንያት ምልክት ስለተበጀለት ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ የዜማውን ምልክት እንደሠሩ ይነገራል። ምልክቱ የድምፁን መውጣትና መውረድ፣ መርገጡንና መሳቡን ያስታውሳል። የከበሮ መቺውን ክንድ ከፍታ፣ በሰፊው አፍና በጠባቡ አፍ መካከል የሚለዋወጥበትን ፍጥነት፣ ከምቱ በፊት የሚያሳርፋትን ዕረፍት ግን አይነግረንም። ይህ እውቀት ከሰው አካል ወደ ሰው አካል ብቻ ይተላለፋል። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ፈጠሩት የሚባለውን አቋቋም ያስቡ። እንደሚተረከው አዲሱ ውዝዋዜ ጎንደር ላይ ተቀባይነት አጣ፤ ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ዛሬም ተክሌ እየተባለ ይጠራል። በዚያ ትረካ ውስጥ አንድ ሙሉ የአቋቋም ስልት መኖሩም መጥፋቱም በአንድ ልጅ አካል ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር እናያለን። ተክሌ ባያስተምር ኖሮ ከአባቱ የሚቀረው የታወቁበት ቀልዳቸው ብቻ ይሆን ነበር። እንዲህ የተንጠለጠሉ ስንት የአመታት ስልቶች በየደብሩ እንዳሉ ከመምህራኑ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የኔታ፦ ሌላ ስጋት አለኝ። የአንድ መምህር አመታት ከተቀረጸ ተማሪው እሱን ብቻ እያየ ይኮርጃል። ስልቱ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ መምህርም አያስፈልግም ይባላል። መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ ሊቅ ነኝ እንደሚለው፣ ስልክ የያዘ ሁሉ መሪጌታ ነኝ ይላል።

ጸሐፊው፦ ይህ ስጋት ድጓ በምልክት ሲጻፍም ሊነሣ የሚችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ 500 ዓመት ሊጠጋ ነው፤ የተጻፈው ድጓ ቤተ ልሔምን አላስቀራትም። መጽሐፉ በእጁ ያለ ተማሪ እንኳ ከመምህሩ ፊት ካልቆመና ካልታረመ ድጓ አወቀ አይባልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጽሐፍ የተሳሳተውን አያርምም፤ ፊልምም አያርምም። በጃዙም ዓለም ያው ነው። የአርት ብሌኪ ፊልሞች በየአገሩ ይታያሉ፤ ሊ ሞርጋንን፣ ዌይን ሾርተርን፣ ኋላም ዊንተን ማርሳሊስን ያወጣቸው ግን በባንዱ ውስጥ አብረውት መቆማቸው ነው። ስልት ሁሉ አንድ እንዳይሆን መድኃኒቱ አለመቅረጽ ሊሆን አይችልም፤ አንዱን ብቻ ቀርጾ መተው ነው አደጋው። የላይ ቤቱ፣ የታች ቤቱና የተክሌው አቋቋም ጎን ለጎን ቢቀረጹ ተማሪው ልዩነታቸውን ያያል፤ የራሱን ቤት ስልትም በይበልጥ ያውቃል። ዛሬ ያለው አደጋ ከዚህ ይልቅ በሌላ በኩል ነው። በየበዓሉ ስልክ ያነሣ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ይቀርጻል፤ የሚቀረጸውም አብዛኛውን ጊዜ የጦፈው የወረቡ መጨረሻ ነው። ይህን ብቻ ያየ ልጅ ማኅሌት ማለት ፍጥነት ይመስለዋል። ከፍጥነቱ በፊት የነበረውን ረጅም ትዕግሥት፣ ምቱ ቀስ በቀስ የተገነባበትን መንገድ አያውቀውም። ጎዶሎ ቀረጻን የሚያርመው ሙሉ ቀረጻ ነው።

የኔታ፦ ሙሉ ቀረጻ ስትል ምን ማለትህ ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ጸሐፊው፦ ከላይ ያስቀመጥናቸው ሦስት መለያዎች መንገዱን ያሳያሉ። አንድ ካሜራ ሁለቱን ረድፎችና በመካከል ያለውን መቺ አብሮ የሚያይበት ቦታ ላይ ይተከል፤ ከቁም ዜማው ጀምሮ ወረቡ እስኪያበቃ አይነቃነቅ፣ አይቆረጥ። ሁለተኛ ካሜራ ካለ የመቺውን እጆች ብቻ ይከታተል፤ የሁለቱ ምስል ለየብቻው ይቀመጥ። ተራ ቀረጻ በሰከንድ 25 ምስል ያህል ይይዛል፤ በሁለት ምስሎች መካከል 40 ሚሊሰከንድ አለ ማለት ነው። ፈጣን የእጅ ምት በዚያ ክፍተት ውስጥ ሊያመልጥ ስለሚችል በሰከንድ 50 ምስል የሚይዘውን መምረጥ ይበጃል፤ ይህን የሚያደርጉ ስልኮች ዛሬ ጥቂት አይደሉም። ማይክሮፎኑ ለከበሮው ይቅረብ። በመጨረሻም ቦታው፣ ዕለቱ፣ የተባለው ቃልና የአቋቋሙ ስልት ተጽፎ ከፊልሙ ጋር ይኑር፤ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቀረጻ ከጊዜ በኋላ ለማንም አይጠቅምምና። ይህ ለማኅሌት ብቻ አይደለም። በስማዳም በእስቴም በሠርግ ከበሮ የሚመቱ እናቶች አሉ። ጨፋሪው ሲደክም ምቱን ያረጋጋሉ፣ ግጥም አውጪዋ ስታስብ ይጠብቋታል፣ ተቀባዮቹ ሲዘገዩ ይስቧቸዋል። የብሌኪን እጅ ለማየት ፊልም የሚፈልግ ሰው የእነሱን እጅ ቸል ቢል ምትን ተረድቷል ለማለት ይከብደኛል።

የኔታ፦ እንግዲህ የእኔን ቃል ልስጥህ። ጃዙን ማየት ይጠቅማል ያልከውን ተቀብያለሁ፤ ምክንያቱም በእንግዳ ሙዚቃ ላይ እጅና እግርን መከታተል የለመደ ዓይን ወደ ራሱ ሲመለስ ብዙ ያስተውላል። ለእኛው ቀረጻ ግን ሦስት ነገር አስሬ ነው የምፈቅደው። ደብሩ ሳይፈቅድ አይቀረጽ። ቀራጩ በሥርዓቱ መካከል አይመላለስ፤ ማኅሌቱ ለካሜራው ተብሎ አይቸኩል፣ አይደገም። የተቀረጸውም ቅጂ ከጉባኤ ቤቱ አይውጣ ማለቴ ሳይሆን፣ ጉባኤ ቤቱ ሳይኖረው ሌላ ቦታ ብቻ አይከማች፤ ተማሪው ከመምህሩ ጋር ሆኖ ይየው፣ መምህሩም እዚህ ላይ እንዲህ ነው እያለ ያስረዳበት።

ጸሐፊው፦ ሦስቱም ክርክሬን ያጠነክሩታል የኔታ። ፊልሙ ከመምህር ጋር ሲታይ ነው ሙሉ ትምህርት የሚሆነው። እኔ የምጨምረው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ሙላቱን በ65 ዓመታቸው፣ ብሌኪን በ70 ዓመቱ ዋዜማ መድረስ የተቻለው የሚቀርጽ ሰው በጊዜው ስለተገኘ ነው፤ ብሌኪ ከሌቨርኩዘኑ ኮንሰርት በኋላ የኖረው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ካሜራ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ቢጠበቅ አይጠፋም። አንጋፋው መቺ ግን አይጠብቀንም። ስለዚህ በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም ቀረጻው በዕድሜ ከሁሉ ከገፉት መቺዎች ይጀምር፤ ያለው መሣሪያ ስልክም ቢሆን በዚያው ይጀመር።